አሥራ ስድስቱ ዳዶዎች

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች ምግብ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ቤት ወጪ አያያዝ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለ መኪና ጎማ ዳዶ ነው። «ይህ ደግሞ ምኑ ነው የቤተሰብ ጉዳይ?» የምትሉ አትጠፉም። አልፈርድባችሁም፤ እኔም እስካለፈው ግንቦት ድረስ እንደዚያው ነበር የማስበው።

የምኖረው ጉቴ ነው። ጉቴን የማታውቁ ብትኖሩ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ አምቦን፣ ባኮንና ሲሬን ካለፋችሁ በኋላ፣ ነቀምት ልትገቡ ጥቂት ሲቀራችሁ የምታገኟት የዋዩ ቱቃ ወረዳ ከተማ ናት። ዋናው አስፋልት መሐል ለመሐል ያቋርጣታል። የምሠራው ነቀምት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ነው። ባለቤቴ መምህር ነው፤ የሚያስተምረው ራቅ ባለ ወረዳ ስለሆነ ቤት የሚመጣው በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ነው። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትልቋ 11 ዓመቷ፣ ትንሹ 7 ዓመቱ ነው። ሁለቱም ነቀምት ስለሚማሩ ጠዋት ሦስታችን አብረን እንወጣለን፣ ማታም አብረን እንመለሳለን። የሚያመላልሰን ከአማቴ የወረስነው አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ነው፤ ሰው ሁሉ «ዲ ኤክስ» የሚለው ዓይነት። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከወሰነ ወዲህ እንደ እኛ ያለው ሰው አሮጌውን እያስታመመ መንዳቱ የግድ ሆኗል።

ነገሩ የጀመረው በመጋቢት ነው። ከኋላ በግራ በኩል ያለውን ጎማ ምስማር ወጋውና መንገድ ዳር አንድ ጎሚስታ ዘንድ አስጠገንኩት። ሠራተኛው ጎማውን መልሶ ሲያስር ከአራቱ ዳዶዎች አንዱ እንቢ አለው። በመፍቻው ጫፍ ረጅም ቱቦ ሰካና በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት። ዳዶው «ቀጭ» የሚል ድምፅ አሰምቶ ዝም ብሎ መሽከርከር ጀመረ፤ ጥርሱ ተበልቷል። ሰውየው ፈትቶ ወደ ጎን ወረወረውና፣ «ሦስቱ ይበቃሉ እናቴ፣ ምንም አይልም» አለኝ። ከፍዬ ሄድኩ። አንድ ሊትር ዘይት ለመግዛት ሦስት ሱቅ የማዳርስ ሴት፣ ልጆቼን በምጭንበት መኪና ጉዳይ የማላውቀውን ሰው ቃል ሳላንገራግር ተቀበልኩ። ሥራው የወንድ መስሎኝ፣ መጠየቁም አላዋቂነቴን ማስመስከር መስሎኝ አፈርኩ። እውነቱ ይኸው ነው።

ሁለት ወር በሦስት ዳዶ ነዳሁ። በግንቦት፣ ዝናቡ ሲጀማምር፣ አንድ ዓርብ ማታ ከነቀምት ስንመለስ የኮምቶን ደን እያየን እንደመጣን ከኋላ «ቋ፣ ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ስፈጥን ይፈጥናል፤ ቀስ ስል ቀስ ይላል። ልጄ «እማዬ፣ መቀመጫው ይንቀጠቀጣል» አለችኝ። እንደ ሰው እርምጃ እያዘገምኩ ጉቴ ገባሁ። ግቢ ውስጥ በባትሪ መብራት ጎንበስ ብዬ ብመለከት ከቀሩት ሦስት ዳዶዎች አንዱ በጣት የሚዞር ሆኗል። ያን ማታ ከኋላችን ሲመጡ የነበሩትን የጭነት መኪኖች እያሰብኩ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ እኔም ዘግይቼ ያወቅኩት ነው። ብዙዎቻችን ጎማው በቡሎኖቹ ላይ እንደ ካፖርት የተንጠለጠለ ይመስለናል። አይደለም። ሥጋ መፍጫ ያላችሁ እናቶች፣ መፍጫውን ከጠረጴዛው ጋር የምታጣብቁበትን ጠምዛዛ ብሎን አስቡ። ጠበቅ ካለ መፍጫው ከጠረጴዛው ጋር አንድ አካል ይሆናል፤ ላላ ካለ ግን በእያንዳንዱ ዙር ይንሸራተታል፣ ጠረጴዛውንም እየፈገፈገ ይበላዋል። የጎማ ዳዶ ሥራም ይኸው ነው፤ ቸርኬውን ከኋላው ካለው ብረት ጋር ጨምቆ ማጣበቅ። በደንብ የታሰረ አንድ የኮሮላ ዳዶ የሚጨምቅበት ኃይል በስሌት ወደ 40 ኩንታል ክብደት ይጠጋል። አንዱ ሲጎድል ሸክሙ በሦስቱ ላይ ያርፋል፤ ከሦስቱ አንዱ ሲላላ ቸርኬው መንሸራተት ይጀምራል፣ የቸርኬው ቀዳዳ ይሰፋል፣ ቡሎኑም በመታጠፍ ብዛት ይደክምና ይቆረጣል። ያ «ቋ፣ ቋ» የሚለው ድምፅ መኪናው «አቁሚ» የሚልበት ቋንቋ ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ ልጆቹን ለጎረቤት ሰጥቼ፣ በሚኒባስ ነቀምት ሄጄ ከመለዋወጫ ሱቅ አራት አዳዲስ ዳዶ ገዛሁ። አገዛዜም ራሱ ስሕተት ነበር። «የቤት መኪና የጎማ ዳዶ» ብዬ ጠየቅኩ፤ ሻጩም ከሣጥን አውጥቶ አራት ሰጠኝ። የኮሮላ ዳዶ የውስጥ ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት ደግሞ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። የሱዙኪና የኒሳን ዳዶ በስፋቱ ያው 12 ነው፤ የጥርሱ ርቀት ግን 1.25 ነው። በዓይን ብታዩአቸው መንትያ ናቸው። በቶዮታ ቡሎን ላይ የሱዙኪን ዳዶ ብትጀምሩት አንድ ሁለት ዙር ይገባና ቀጥ ይላል፤ ከዚያ በኋላ በመፍቻ ብታስገድዱት የሁለቱንም ጥርስ ይፈጃል። ስለዚህ አሮጌውን ዳዶ በመሐረብ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። አዲሱን ባዶ ቡሎን ላይ በጣታችሁ ብቻ እስከ ታች አስገቡት፤ በጣት ካልገባ የእናንተ አይደለም።

የዳዶውን አፍም እዩ። አንዳንዱ ጫፉ እንደ ሾጣጣ ጠበብ ያለ ነው፣ ከቸርኬው ቀዳዳ ጋር እንዲገጥም። አንዳንዱ ጠፍጣፋ ሆኖ ከነሮንዴላው የተሠራ ነው፤ ቶዮታ ራሱ ለአንዳንድ የአሉሚኒየም ቸርኬዎቹ ያደረገው እንዲህ ያለውን ነው። የሆንዳው ደግሞ ጫፉ እንደ ኳስ ክብ ነው። አንዱ በሌላው ቦታ ቢታሰር የጠበቀ ይመስላል እንጂ የሚነካው በጠርዙ ብቻ ስለሆነ ይላላል። ሾጣጣው ጫፍ የሚገባው ወደ ቸርኬው ነው፤ ይህን ገልብጦ የሚያስር ሰው አይቻለሁና መናገሬ ለከንቱ አይደለም። ቮልስ የምትነዱ ደግሞ ዳዶ ፍለጋ አትድከሙ፤ የቮልስ ጎማ የሚታሰረው በዳዶ ሳይሆን ወደ ውስጥ በሚገባ ቡሎን ነው።

ያን ቀን ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላውቅም ነበር። ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ከጎረቤት መልሼ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ወደ መኪናው ሄድኩ። ጎሚስታው ሲሠራ አይቼ የለ? ክሪኩን ከኋላ አወጣሁ፤ ከመኪናው ሥር አስገባሁ፤ መዘወር ጀመርኩ። የወለጋን ቀይ አፈር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በበጋ ሸክላ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ሊጥ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ከክሪኩ እግር በታች ያደረግኩት ነገር የለም። የእጅ ፍሬኑን ስቤአለሁ፤ ይበቃል ብያለሁ።

ጎማው ከመሬት ከተነሣ በኋላ ነው ዳዶዎቹን መፍታት የጀመርኩት። አንዱ ጠንክሮብኝ መፍቻውን በሁለት እጄ ስገፋው መኪናው እንደ መኝታ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። ደነገጥኩ፤ ግን አልተውኩትም። ፈታሁ፤ ጎማውን ሳብ አድርጌ አውጥቼ ከአጥሩ አስደገፍኩት። ዳዶዎቹን መሬት ላይ ነበር ያስቀመጥኳቸው። ጎማውን ሳወጣ እግሬ አንዱን መታውና ከመኪናው ሥር ተንከባለለ።

ትንሹ ልጄ አጠገቤ ቆሞ ያይ ነበር። «እኔ አመጣዋለሁ!» አለ። ከአፌ «ተው» የሚለው ቃል ሳይወጣ በደረቱ ተስቦ ገብቷል።

በዚያች ቅጽበት ዓይኔ በክሪኩ እግር ላይ ዐረፈ። የብረቱ አንዱ ጠርዝ በቀዩ ጭቃ ውስጥ ሰምጧል፤ ክሪኩ ቀጥ ብሎ የቆመ ሳይሆን ዘንበል ያለ ነው። እንዴት ጎንበስ እንዳልኩ አላውቅም። የልጄን ሁለት ቁርጭምጭሚት ይዤ ሳብኩ። ሸሚዙ አንድ ነገር ያዘውና ተቀደደ። እሱ «አገኘሁት እኮ!» እያለ ወጣ፤ ዳዶውን በእጁ ጨብጧል። ፊቱን ከጭቃው ልጠርግለት መሐረብ ከኪሴ ሳወጣ ክሪኩ ተንሸራተተና መኪናው «ዱም» ብሎ ወደቀ። ጎማ የሌለው ታምቡር መሬቱን ቆፍሮ ገባ። ልጄ ተኝቶበት የነበረው ቦታ ላይ በመኪናውና በመሬቱ መካከል የቀረው አንድ ስንዝር አይሞላም።

ስንት ሰከንድ ነበር? ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። አምስት አይሞላም።

ድምፁን ሰምተው በአጥራችን ማዶ የሚኖሩት ጡረተኛ ሾፌር መጡ። እኒህ ሰው በዚህ መንገድ ላይ ኤን ትሬ የሚባለውን የፊያት ጭነት መኪና ሲነዱ ያረጁ ናቸው፤ ልጆቼ «አካኮ» ይሏቸዋል፣ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። መጀመሪያ ልጁን ከራሱ እስከ እግሩ ዳሰሱት። ቀጥለው እኔን ተቀመጪ ብለው ለልጄ «ለእናትሽ ውሃ አምጪላት» አሏት። ከዚያ መኪናውን ዞረው አዩ፤ አዲሶቹን ዳዶዎች አዩ። ብዙ ቆይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ዳዶ ለመቀየር ክሪክ ምን አደረገ?»

አልገባኝም። እሳቸውም አልተቈጡም። «ጎማ ለመቀየር ነው ክሪክ። አንቺ የምትቀይሪው ዳዶ ነው። ጎማው መሬት እንደያዘ አንዱን ትፈቺያለሽ፣ አዲሱን ታስገቢያለሽ፣ ታጠብቂያለሽ። ከዚያ ሁለተኛውን። መኪናው ከቦታው ንቅንቅ አይልም፤ ልጅም የሚገባበት ቀዳዳ የለም» አሉኝ።

እናቶች፣ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ ቃል ነው። ልጄን ከዚያ መኪና ሥር ያስገባሁት ለማያስፈልግ ነገር ነበር። ዳዶ ብቻ የምትለውጡ ከሆነ መኪናውን አታንሡት። ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙት፤ የላላ ካለ መጀመሪያ እሱን አጥብቁ፤ የጎደለ ካለ እሱን ሙሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ለውጡ። በምንም ጊዜ ከአንድ በላይ ዳዶ ፈትታችሁ አታስቀምጡ። ሌሎቹ ቸርኬውን በቦታው ስለሚይዙት አዲሱ ዳዶ ተስተካክሎ ይገባል።

የእኔ ጎማ ግን አስቀድሞ ወልቋልና ማንሣቱ ግድ ነበር። ደግሞም ሲንኳኳ የቆየ ጎማ ሳይወልቅና ሳይታይ ሊታመን አይችልም። አካኮ «ዛሬ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፤ ነገ» ብለውኝ ሄዱ። እሑድ ጠዋት ተመለሱ። በእጃቸው ሁለት ታኮና አንድ ወፍራም ሣንቃ ይዘዋል። እሳቸው ሥራ የጀመሩት በረዳትነት ነው፤ የረዳት የመጀመሪያ ትምህርት ታኮ ነው ይላሉ፤ መኪናው ሳይቆም ታኮ ይዞ መዝለል። ልጆቹን በረንዳ ላይ አስቀመጧቸውና ከደረጃው እንዳይወርዱ ነገሯቸው። ለትንሹ ደግሞ ሥራ ሰጡት፦ የቡና መጠጫ ትሪያችንን በጭኑ ላይ አድርጎ ዳዶዎቹን እንዲጠብቅ። ትሪው ጠርዝ አለው፤ ዳዶ አይንከባለልበትም።

ከዚያ እኔ እንድሠራ አደረጉኝ፤ እሳቸው ቆመው «ሱታ፣ ሱታ» ይሉኛል፣ ቀስ ማለታቸው ነው። ታኮዎቹን ከፊት ጎማዎች ፊትና ኋላ አደረግኩ። ለምን ከፊት? የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። ከኋላ አንዱን ስታነሡ ፍሬኑ የሚይዘው መሬት የነካውን አንዱን ጎማ ብቻ ይሆናል። ማርሽ አስገብቻለሁ ብላችሁም አትተማመኑ፤ እንደ እኔ በኋላ ጎማ የሚገፋ መኪና ከሆነ በአየር ላይ ያለው ጎማ ዝም ብሎ ሊሽከረከር ስለሚችል ማርሹ መኪናውን አያቆምም። ትልቅ ሰው እንኳ መኪና በክሪክ ብቻ ቆሞ ሳለ እጁን ከሥሩ ማስገባት የለበትም።

ሣንቃው ከክሪኩ እግር በታች ገባ። ክሪኩ የሚደገፈው ለዚሁ ተብሎ በተጠናከረው፣ ከበሩ ሥር ባለው የብረት ጠርዝ ላይ ነው እንጂ በተገኘው ቆርቆሮ ላይ አይደለም። መኪናው ትንሽ እንደተነሣ ትርፉን ጎማ፣ ሾፌሮች ስኮርት የሚሉትን፣ አጋድመን ከመኪናው ወገብ በታች አስገባነው። ቢወድቅ የሚወድቀው ጎማው ላይ ነው። እኔ በመጀመሪያው ቀን ይህን ባደርግ ኖሮ ያ አንድ ስንዝር የማይሞላ ክፍተት ሰፋ ይል ነበር። በነገራችን ላይ የዳዶዎቹ ጥብቀት የሚላላው መኪናው ከመነሣቱ በፊት ነው፤ ግማሽ ዙር ያህል ብቻ። ያን ቀን መኪናው እንደ መኝታ የተወዛወዘው ሥራውን ገልብጬ ስለሠራሁት ነው።

ቸርኬውን ስናየው ዳዶ ያጣው ቀዳዳ ሞላላ ሆኗል። «ይህ ከእንግዲህ ለልጅ አይታመንም» አሉና ወደ ጎን አደረጉት። ባዶውን ቡሎንም በሽቦ ብሩሽ ጠርገን ብንመለከተው ጥርሱ ሁለት ቦታ ላይ ተላጭቷል። እዚህ ላይ የቤት ሥራ ያበቃል። ቡሎን ለመለወጥ ታምቡር መውለቅ፣ አሮጌው ተመትቶ መውጣት፣ አዲሱ ተስቦ መግባት አለበትና የመካኒክ ሥራ ነው። ሰኞ ልጆቹን በሚኒባስ ልኬ፣ ፈቃድ ወስጄ፣ መካኒክ ቤቴ ድረስ አስመጣሁ። ሱቁም ዳዶዎቹን ለወጠልኝ፤ ለካ የገዛኋቸው የሱዙኪ ኖረዋል። ባለፈው ቅዳሜ ክሪኩ ባይንሸራተት ኖሮ የቀሩትንም ሦስት ቡሎኖች አበላሽቼ ነበር።

ስኮርቱን በቦታው ያሰርኩት እኔ ነኝ። ቸርኬው የሚያርፍበትን ብረት ከጭቃና ከዝገት ጠረግኩ፤ በመካከል የቀረ ጭቃ ሲደርቅና ሲፈረፍር ዳዶው ይላላልና። ዳዶዎቹን ሁሉ መጀመሪያ በጣቴ አስገባሁ። መኪናው ገና ከፍ እንዳለ አንዱን፣ ቀጥሎ ጎን ያለውን ሳይሆን ፊት ለፊቱ ያለውን፣ በመስቀል መልክ ለስለስ አድርጌ ሳብኩ። አምስት ዳዶ ላለው መኪና አንድ እየዘለሉ እንደ ኮከብ ነው። በተራ ካጠበቃችሁ ቸርኬው ወደ አንድ ወገን አጋድሎ ይቀራል። ከዚያ መኪናውን አውርጄ፣ ጎማው መሬት ሲይዝ፣ በዚያው መስቀል የመጨረሻውን ጥብቀት ሰጠሁ።

ምን ያህል ይጥበቅ? ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነበር። ጋራዥ ውስጥ ኃይል የሚለካ መፍቻ አለ፤ ለኮሮላ የሚፈለገው 103 ኒውተን ሜትር ነው። ይህን በጀሪካን ልንገራችሁ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ ግማሽ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ ብታንጠለጥሉት፣ እሱ የሚስበው ያህል ነው። ከጉድጓድ ውሃ የቀዳች ሴት ክንድ ይህን ክብደት ያውቀዋል። የመኪናዬ መፍቻ አጭር ነው፤ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ። ለእሱ ወደ 35 ኪሎ ይፈለጋል፤ በሁለት እጅ ጠንከር አድርጎ መግፋት ማለት ነው። በእግር መቆም ግን አይቻልም፤ 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ብትቆምበት ከልኩ አልፋ ትሄዳለች። አንድ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሜትር ቱቦ ሰክቶ ሲንጠለጠልበት ደግሞ ከሚገባው ከ6 እጥፍ በላይ ነው። የእኔ ዳዶ «ቀጭ» ያለው ለዚህ ነበር። ልኩ ከመኪና መኪና ይለያያልና፣ ለትላልቆቹ ላንድ ክሩዘሮች የብረት ቸርኬ ለምሳሌ እጥፍ ነውና፣ ከመኪናው መጽሐፍ ወይም ከሚያውቅ ሰው አረጋግጡ።

ዘይት ወይም ግራሶ ቀቡት የሚሏችሁ ይኖራሉ። እኔም የምግብ ዘይት ላመጣ ተነሥቼ ነበር። አካኮ ሣቁብኝ። የዳዶው ልክ የተወሰነው ለደረቅ ጥርስ ነው። ዘይት ሲቀባ መንሸራተቱ ይጨምራል፤ በዚያው ጉልበት ስትስቡት ቡሎኑ ከልኩ በላይ ይለጠጣል፣ ይደክማል። ንጹሕና ደረቅ መሆን አለበት።

ይህን ሁሉ ሲያስተምሩኝ ቃላቱ አስገርመውኝ ነበር። ዳዶ፣ ቡሎን፣ ክሪክ፣ ታኮ፣ ፍሬን፣ ጎሚስታ፤ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። የመኪናን ቋንቋ ከጣሊያን ተውሰን የራሳችን ስናደርገው እናቶቻችንን ያስተማረ ሰው የለም፤ ምንቸትና ምጣድ ግን እናውቃለን። አካኮ ሌላም ነገር ነግረውኛል፦ በአንዳንድ የጭነት መኪኖች በግራ በኩል ያሉት ዳዶዎች የሚፈቱት በተቃራኒው ነው፤ በቡሎኑ ጫፍ ላይ «ኤል» የሚል የፈረንጅ ፊደል ይኖራል። ይህን ያላወቀ ሰው እፈታለሁ ብሎ ያጠብቃል፤ ቡሎኑን ይቆርጣል። የቤት መኪና ለምንነዳው እምብዛም አያጋጥመን ይሆናል፤ ባሏ የጭነት መኪና ያላት እኅት ግን ትወቀው።

ሥራው ሰኞ አላለቀም። አዲስ የታሰረ ዳዶ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና መፈተሽ አለበት፤ ብረቱ ከብረቱ ጋር እየተቀመጠ ሲሄድ ጥብቀቱ ይቀንሳልና። ሐሙስ ማታ ከሥራ ስመለስ፣ ራት ከመሥራቴ በፊት፣ መፍቻውን አወጣሁ። መኪናው መሬት ላይ እንዳለ፣ ጎማውም ከቀዘቀዘ በኋላ፣ አንድ በአንድ ነካኋቸው። ሦስቱ ንቅንቅ አላሉም። አራተኛው፣ በአዲሱ ቡሎን ላይ ያለው፣ ሩብ ዙር ያህል ገባ። ያን ሩብ ዙር ሳየው ጀርባዬን ብርድ አለፈኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ዘዴ አበጀን፤ ሐሳቡ የትልቋ ልጄ ነው። የጥፍር ቀለሜን አምጥታ ከእያንዳንዱ ዳዶ እስከ ቸርኬው የሚሻገር ቀጭን ቀይ መስመር አሰመረችበት። ዳዶው ቢላላ መስመሩ ይሰበራል፤ ጎንበስ ብሎ በዓይን ማየት ይበቃል። በአራት ጎማ አሥራ ስድስት መስመር። ጠዋት ጠዋት ትንሹ ልጄ መኪናውን እየዞረ፣ ቆሞ፣ በጣቱ ሳይነካ ይቈጥራል። «አሥራ ስድስት» ሳይል ሞተር አይነሣም። አንድ ቀን አሥራ አምስት ብሎኝ ደንግጬ ወረድኩ፤ አንዱ በጭቃ ተሸፍኖ ነበር። ጎረቤቶቼ መኪናሽ ለሠርግ ተኳኩላለች ወይ እያሉ ይሥቁብኛል።

የሆነውን ለባለቤቴ በስልክ አልነገርኩትም። በሩቅ ሆኖ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ፈርቼም ነው። በሚመጣበት ቅዳሜ ከአውቶቡስ ወርዶ ግቢ እንደገባ ቀዮቹን መስመሮች አየና «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ። በረንዳው ላይ አስቀመጥኩትና ከመጋቢቱ ጎሚስታ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኩት። የልጁን ሸሚዝም አመጣሁለት፤ አልሰፋሁትም ነበር። ሸሚዙን ይዞ ብዙ ዝም አለ። እኔ ቁጣ ስጠብቅ ተነሥቶ ከመኪናው ኋላ መፍቻውንና ክሪኩን አወጣ፤ አየኝና «እኔም እኮ አንድም ቀን አስሬ አላውቅም። እስቲ አሳዪኝ» አለ።

ልጆቹን በረንዳ ላይ አስቀመጥኳቸው። ትሪውን ለትንሹ ሰጠሁት። ከዚያ ከታኮው ጀመርኩ።